አንድ መጽሐፍ፣ አንድ ረድፍ? ከካታሎግ ካርድ ወደ መረጃ ቋት፦ ከደባርቅ፣ ከዳባትና ከሰሜን ተራሮች ግርጌ የተወሰዱ ምሳሌዎች

1847። ይህ ቁጥር በአንድ ሠንጠረዥ ውስጥ «ዓመት» በተባለ ዓምድ ሥር ሁለት ጊዜ ተጽፎ ብናገኘው ሁለቱ መዝገቦች ስለ አንድ ዘመን የሚናገሩ ይመስለናል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። አንደኛው አውጉስት ዲልማን በብሪቲሽ ሙዚየም ለሚገኙ የግዕዝ መጻሕፍት ያዘጋጀው ካታሎግ የታተመበት ዓመት ሲሆን፣ ሌላው ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ ደጃዝማች ውቤን ድል ነሥተው በሰሜን ምድር፣ በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው የነገሡበት ዓመት ነው። የመጀመሪያው የተቆጠረው በኤውሮፓውያን፣ ሁለተኛው በእኛ የዘመን አቆጣጠር ነው፤ ዘውዱ በተጫነበት በየካቲት ወር የኤውሮፓውያኑ ቁጥር 1855 ነበር። የካታሎግ ባለሙያ ይህን ያውቃል፤ መጽሐፉን በእጁ የያዘ አንባቢም ከዐውዱ ይረዳዋል። ኮምፒውተሩ ግን ከቁጥሩ በቀር የሚያውቀው ነገር ስለሌለ ሁለቱን ጎን ለጎን ይደረድራቸዋል።

የዚህ አጭር ጽሑፍ ጥያቄ የሚነሣው ከዚህ ነው። በብዙ ቤተ መጻሕፍት የካታሎግ ካርዶች ወደ ኮምፒውተር የሚገቡት በቀላሉ መንገድ ነው፤ አንድ የኤክሴል ገጽ ይከፈታል፣ በራስጌው ላይ «ደራሲ፣ ርእስ፣ ዓመት፣ ቦታ፣ ብዛት» ተብሎ ይጻፋል፣ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ መጽሐፍ አንድ ረድፍ ይሞላል። ሥራው ሲያልቅ ብዙ ሺህ ረድፎች ይኖራሉ፤ ነገር ግን ተማሪው የሚፈልገውን አያገኝም። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ በሶፍትዌሩ ላይ ይላከካል። እኔ የምከራከረው ጥፋቱ ከሶፍትዌሩ በፊት እንደሚመጣ ነው። ማንም ቁጭ ብሎ «በመዝገባችን ውስጥ ስንት ዓይነት ነገሮች አሉ?» ብሎ አልጠየቀም። ይህ ጥያቄ የመረጃ ቋት ንድፍ ሀሁ ነው፤ የካታሎግ ሥራም ሀሁ ነው። ለደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በተለይ ወቅታዊ ነው። ዩኒቨርሲቲው ከአራተኛው ትውልድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ እንደ መሆኑ ስብስቡ ገና ወጣት ነው፤ ወጣት ስብስብ ደግሞ ሳይወፍር ለማስተካከል ይመቻል።

ካርዱ የሚያውቀው፣ ሠንጠረዡ የዘነጋው

የካታሎግ ካርድን እንደ ኋላ ቀር ነገር የሚያዩ ሰዎች አንድ ነገር ይስታሉ። በጥሩ ቤተ መጻሕፍት ለአንድ መጽሐፍ የሚዘጋጀው አንድ ካርድ ብቻ አልነበረም። በደራሲው ስም አንድ፣ በርእሱ አንድ፣ በሚያወሳው ጉዳይ አንድ ወይም ከዚያ በላይ ካርዶች ተዘጋጅተው በየመሳቢያቸው ይገቡ ነበር። መጽሐፉ በመደርደሪያ ላይ ሊቀመጥ የሚችለው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ በዲዊ አመዳደብ የኢትዮጵያ ታሪክ ከሆነ 963 ሥር ይሆናል። መሳቢያዎቹ ግን ወደዚያ ቦታ የሚያመለክቱ ብዙ በሮች ነበሩ። ካርዶቹ ወደ ኤክሴል ሲገለበጡ ብዙ ጊዜ የሚገለበጠው የደራሲው ካርድ ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ ሌሎቹ በሮች ይዘጋሉ።

ኤድጋር ኮድ በ1970 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ዝምድናዊ የመረጃ ሞዴል በመሠረቱ የመሳቢያዎቹን ጥበብ በሒሳብ ቋንቋ ይደነግጋል ማለት ይቻላል። እያንዳንዱ ዓይነት ነገር የራሱ ሠንጠረዥ ይኖረዋል። በሠንጠረዡ ውስጥ እያንዳንዱ ረድፍ የማይደገም መለያ ቁጥር ይይዛል። በአንድ ረድፍ የሚጻፈው ሁሉ በዚያ መለያ ስለሚታወቀው ነገር ብቻ መናገር አለበት። በነገሮች መካከል ያለው ግንኙነት ደግሞ በቃላት ድግግሞሽ ሳይሆን በመለያ ቁጥሮች ይገለጻል።

ይህ ሕግ ካልተጠበቀ ሦስት ዓይነት መዛባት ይከተላል። አንደኛው የማስገባት መዛባት ነው፤ ስለ አንድ ደራሲ ብናውቅም መጽሐፉ በእጃችን ከሌለ ስሙን የምንጽፍበት ረድፍ አይኖርም። ሁለተኛው የማሻሻል መዛባት ነው፤ የአንድ ደራሲ ስም በ40 ረድፎች ላይ በስሕተት ተጽፎ ከሆነ 40 ጊዜ መታረም አለበት፣ 39ኙ ብቻ ከታረሙ ደግሞ አንድ ሰው ሁለት ይሆናል። ሦስተኛው የመሰረዝ መዛባት ነው፤ በእኛ አካባቢ ከሁሉ የከፋው ይህ ይመስለኛል። ቅጂው ሲጠፋ ረድፉ ይሰረዛል። ረድፉ ሲሰረዝ ግን ቅጂው ብቻ አይደለም የሚሰረዘው፤ ድርሰቱ፣ ጸሐፊው፣ የተጻፈበት ቦታ፣ መጽሐፉ ከነጭራሹ ስለ መኖሩ የነበረው እውቀት ሁሉ አብሮ ይሄዳል። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ እስከ ዳባት ወረዳ በደረሰ ጊዜ፣ የትኛው ቤተ ክርስቲያን፣ የትኛው ትምህርት ቤት፣ የትኛው ጽሕፈት ቤት ምን እንዳለው የሚያሳይ ዝርዝር ከቦታው ውጭም መቀመጡ የቅንጦት ጉዳይ እንዳልሆነ ግልጽ ሆኗል። ዝርዝሩ ግን «ጠፍቷል» የሚለውን ቃል ሊሸከም የሚችል መሆን አለበት። የጠፋን መጽሐፍ መሰረዝ እንጂ መመዝገብ የማይችል መዝገብ ለዚህ አይበቃም።

ስለ ዳዊት አንድ ምሳሌ

በአገራችን በብዛት ከሚገኙ የብራና መጻሕፍት አንዱ ዳዊት ነው። ይሁንና «ዳዊት» ተብሎ የሚጠራው ጥራዝ በውስጡ የሚይዘው መዝሙረ ዳዊትን ብቻ አይደለም። በተለመደው አሠራሩ 150ው መዝሙራት፣ ጸሎተ ነቢያት፣ መኃልየ መኃልይ ዘሰሎሞን፣ ውዳሴ ማርያምና አንቀጸ ብርሃን በአንድ ላይ ይጠረዛሉ። አምስት ድርሰቶች፣ አንድ ጥራዝ። «አንድ መጽሐፍ፣ አንድ ረድፍ» በሚለው አሠራር ርእሱ «ዳዊት» ተብሎ ይመዘገብና አንቀጸ ብርሃንን የሚያጠና ተመራማሪ ፍለጋውን ሲያካሂድ አንድም መልስ አያገኝም። አንዳንዱ መዝጋቢ ይህን አይቶ አምስቱንም ስሞች በአንድ ሣጥን ውስጥ በነጠላ ሰረዝ እየለየ ያጭቃቸዋል። ይህም አያዋጣም፤ አንዱን ድርሰት ከሌላው ለይቶ ስለ እሱ ብቻ መናገር፣ ለምሳሌ ከየትኛው ቅጠል ጀምሮ የት ላይ እንደሚያልቅ መጻፍ፣ አይቻልምና።

መፍትሔው ሦስት ሠንጠረዦች ነው። አንዱ የጥራዞች፣ አንዱ የድርሰቶች፣ ሦስተኛው ሁለቱን የሚያገናኝ። ከሦስት አብያተ ክርስቲያናት የተገኙ ሦስት ዳዊቶችን ብንመዘግብ በመጀመሪያው 3 ረድፍ፣ በሁለተኛው 5 ረድፍ፣ በማገናኛው 15 አጫጭር ረድፎች ይኖሩናል። ማገናኛው ሠንጠረዥ «ይህ ድርሰት በዚህ ጥራዝ ከዚህ ቅጠል እስከዚህ ቅጠል ይገኛል» ከማለት የበለጠ አይናገርም። ነገር ግን አንቀጸ ብርሃን በስንት ጥራዞች እንደሚገኝ፣ አንዱ ዳዊት ከሌላው በምን እንደሚጎድል፣ የትኛው ጥራዝ ያልተለመደ ድርሰት እንደያዘ የሚመልሰው እሱ ነው።

ዓለም አቀፉ የቤተ መጻሕፍት ማኅበራት ፌዴሬሽን በ1998 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሞዴል አራት ደረጃዎችን ይለያል፤ ድርሰት፣ አገላለጽ፣ እትም እና ቅጂ። አንድ ልብ ወለድ ድርሰት ነው፤ የእንግሊዝኛ ትርጉሙ ሌላ አገላለጽ ነው፤ አንድ አሳታሚ በአንድ ዓመት ያወጣው እትም ነው፤ በመደርደሪያችን ላይ ያለው ቅጂ ነው። ለታተሙ መጻሕፍት ይህ አከፋፈል ይጠቅማል። ለብራና መጽሐፍ ግን እንዳለ መውሰድ ጉዳት አለው። ብራና በእጅ የሚጻፍ በመሆኑ እትምና ቅጂ አንድ ነገር ናቸው፤ ሁለት ሠንጠረዥ ብናቆምላቸው አንዱ የሌላው ባዶ ጥላ ይሆናል። ሞዴሉን የሚያስተምሩ መምህራን ይህን ልዩነት በግልጽ ቢናገሩት ተማሪው ብዙ ከንቱ ድካም ይቀርለት ነበር።

ሌላም የሚዘነጋ ነገር አለ። በብራና መጻሕፍት ባዶ ቅጠሎችና ኅዳጎች ላይ የጉልት ስጦታ፣ የርስት ሽያጭ፣ የክርክርና የእርቅ ውሎች ይጻፋሉ። ዶናልድ ክራሚ በ2000 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የኢትዮጵያን የመሬት ሥሪት በሚመለከት ሥራው ከጎንደር አካባቢ አብያተ ክርስቲያናት የተገኙ እንዲህ ያሉ ማስታወሻዎችን በሰፊው ተጠቅሟል። ለታሪክ ተመራማሪው የወንጌሉ ጽሑፍ የታወቀ ነው፤ አዲሱ ነገር በኅዳጉ ላይ ያለው የመሬት ውል ነው። ስለዚህ ማስታወሻው የጥራዙ «ተጨማሪ መግለጫ» ሆኖ በአንድ ሣጥን ውስጥ መታፈን የለበትም። የራሱ ረድፍ፣ የራሱ ዘመን፣ የራሱ ሰዎችና የራሱ ቦታዎች ያሉት ሰነድ ነው።

ስም መለያ አይሆንም

ደራሲን በስሙ ብቻ መለየት ከሚያስከትላቸው ችግሮች አንዳንዶቹ ከውጭ የመጡ ናቸው። በኤውሮፓውያን ልማድ የተሠሩ ሥርዓቶች «የቤተሰብ ስም» የሚል ሣጥን አላቸው። ኢትዮጵያዊ ግን የቤተሰብ ስም የለውም፤ የራሱ ስምና የአባቱ ስም ነው ያለው። በዚህ ምክንያት በ1972 እ.ኤ.አ. ስለ ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት ታሪክ ታላቅ ሥራ ያሳተሙት ታደሰ ታምራት በውጭ ጽሑፎች አንዳንዴ «ታምራት፣ ታደሰ» ሆነው ይገኛሉ። ልጅ በአባቱ ስም ተጠራ ማለት ነው። በባዶ ቦታ ስሙን የሚቆርጥ ፕሮግራም ደግሞ ከዚህ የባሰ ይሠራል፤ ኅሩይ ወልደ ሥላሴን ሲያገኝ የመጨረሻውን ቃል ወስዶ «ሥላሴ» የሚባል የቤተሰብ ስም ይፈጥራል። ኅሩይ በዘመናቸው በኢትዮጵያ የሚገኙ የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍትን ዝርዝር በ1904 ዓ.ም. ያሳተሙ ሰው መሆናቸውን ስናስብ በካታሎግ ውስጥ እንዲህ መሆናቸው ያሳዝናል።

ሌሎቹ ችግሮች የራሳችን ናቸው። የእኚሁ ሰው ስም በኅ፣ በሕ፣ በህም ተጽፎ ይገኛል። ፊደላችን በዩኒኮድ 3.0 በ1999 እ.ኤ.አ. ሲካተት ቅደም ተከተሉ የተጠበቀው በሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ሥርዓት በመሆኑ ሦስቱ «ሀ»ዎች በፊደል ተራ ተራርቀው ነው የሚገኙት። ኮምፒውተሩ ዝርዝሩን ሲደረድር አንዱን ሰው በሦስት ቦታ ያስቀምጠዋል። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል እንውሰድ። የመጀመሪያው ፊደል በሁለት መንገድ (ፀ፣ ጸ)፣ ሁለተኛው በስድስት መንገድ (ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ) ሊጻፍ ስለሚችል ቃሉ 12 መልኮች አሉት። ተማሪው አንዱን ብቻ ይተይባል፤ ሌሎቹ 11ዱ አይታዩትም።

አንዳንዶች ለዚህ የሚያቀርቡት መድኃኒት ሁሉንም ወደ አንድ ፊደል ለውጦ መመዝገብ ነው። አልስማማበትም። በግዕዝ «ሠረቀ» ማለት ወጣ፣ ብርሃን ሰጠ ማለት ሲሆን «ሰረቀ» ደግሞ ሌብነትን ይገልጻል፤ «ሠዐለ» ሥዕል ሣለ፣ «ሰአለ» ለመነ ማለት ነው። እነዚህን ማዋሐድ መረጃን ማጥፋት ነው፤ የጠፋውን ልዩነት በኋላ ማንም ሊመልሰው አይችልም። ትክክለኛው መንገድ ሁለት ዓምድ ማቆም ነው። በአንዱ ስሙ መጽሐፉ ላይ እንደተጻፈው ይቀመጣል፤ ይህ አይነካም። በሌላው ኮምፒውተሩ ራሱ ሞክሼ ፊደላትን አዋሕዶ፣ የተነጣጠሉ ቃላትን አገጣጥሞ የሚያዘጋጀው የመፈለጊያ ቅርጽ ይቀመጣል። አንባቢው የሚያየው የመጀመሪያውን ነው፤ ፍለጋው የሚካሄደው በሁለተኛው ነው። በሁለተኛው ዓምድ ስሕተት ቢገኝ ደንቡን አስተካክሎ እንደገና ማመንጨት ይቻላል።

ይህም ሆኖ ፊደሉን ማስተካከል ሰውየውን አያስተካክልም። ካሣ፣ ቴዎድሮስ፣ አባ ታጠቅ፣ መይሳው፦ አራቱም የአንድ ሰው መጠሪያዎች ናቸው፤ የመጀመሪያው የልጅነት፣ ሁለተኛው የንግሥና፣ ሦስተኛው የፈረስ ስም፣ አራተኛው የቅጽል ስም። በደረስጌ ከዘውዱ በፊት የተጻፈ ደብዳቤና ከዘውዱ በኋላ የተጻፈ ደብዳቤ በሁለት ሰዎች ስም ሊመዘገቡ ነው። ስለዚህ ሰው የራሱ ሠንጠረዥና የራሱ ቁጥር ይኖረዋል፤ ስሞቹ ደግሞ በሌላ ሠንጠረዥ፣ እያንዳንዱ ስም ከነዓይነቱ፣ ወደ ሰውየው ቁጥር እያመለከቱ ይቀመጣሉ።

ዘመን

ወደ 1847 እንመለስ። «ዓመት» የሚል አንድ ዓምድ በቂ አለመሆኑን አይተናል። የአቆጣጠሩን ዓይነት የሚገልጽ ሁለተኛ ዓምድ ቢጨመርስ? ለታተሙ መጻሕፍት ከሞላ ጎደል ይበቃል። ለብራና ግን አይበቃም፤ ምክንያቱም ጸሐፊው ብዙ ጊዜ ዓመቱን በቁጥር አይነግረንም።

«በዘመነ ሉቃስ፣ በንጉሣችን በቴዎድሮስ መንግሥት ተጻፈ» የሚል የመደምደሚያ ማስታወሻ ገጠመን እንበል። በባሕረ ሐሳብ ሕግ በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ተደምሮ ለአራት ሲካፈል ቀሪው 1 ከሆነ ዘመነ ማቴዎስ፣ 2 ከሆነ ማርቆስ፣ 3 ከሆነ ሉቃስ፣ ቀሪ ከሌለ ዮሐንስ ነው። 1847 ሲደመር 5500፣ 7347 ይሆናል፤ ለአራት ሲካፈል 3 ይቀራል። ቴዎድሮስ ከየካቲት 1847 እስከ ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ስለነገሡ በዘመናቸው የሚገኙት የሉቃስ ዓመታት 1847፣ 1851፣ 1855 እና 1859 ናቸው። ማስታወሻው ከእነዚህ ከአራቱ አንዱን ይነግረናል፤ የትኛውን እንደሆነ አይነግረንም። መዝጋቢው አንድ ቁጥር እንዲጽፍ የሚያስገድድ ሣጥን ከፊቱ ካለ አንዱን ይመርጣል፤ ግምቱ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እውነት መስሎ ይኖራል።

ስለዚህ ለዘመን ቢያንስ አራት ዓምዶች ያስፈልጋሉ፦ ቃሉ በመጽሐፉ ላይ እንደተጻፈው፣ የአቆጣጠሩ ዓይነት፣ ሊሆን ከሚችለው ሁሉ የቀደመው ዓመት፣ ሊሆን ከሚችለው ሁሉ የኋለኛው ዓመት። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ለፍለጋና ለመደርደር በአንድ አቆጣጠር ይጻፋሉ። የሰው ዓይን የሚያስፈልገው የመጀመሪያውን ነው። ለታተመ መጽሐፍም ቢሆን የእኛ አንድ ዓመት በኤውሮፓውያኑ ሁለት ዓመት ላይ ስለሚያርፍ ወሩ ካልታወቀ «ከ» እና «እስከ» መለያየታቸው አይቀርም።

ሰሜን የት ነው?

ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ቤተ መጻሕፍት ስለ ተራሮቹ የተጻፉ የመመረቂያ ጽሑፎችን ስፈልግ «ሰሜን» ብዬ ተይቤ የሰሜን ሸዋን የጤፍ ምርት፣ የሰሜን ወሎን የመስኖ ሥራና የሰሜን አሜሪካን ታሪክ አግኝቻለሁ። ስለ ዋልያ የተጻፈውን ግን አላገኘሁም፤ እሱ በእንግሊዝኛ ርእሱ ብቻ ነበር የገባው። በላቲን ፊደል ደግሞ የዚህ ምድር ስም ቢያንስ በሦስት መልክ ይጻፋል። ዩኔስኮ በ1978 እ.ኤ.አ. ፓርኩን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ የተጠቀመበት አጻጻፍና በርንሃርድ ኒቨርጌልት በ1981 እ.ኤ.አ. ስለ ዋልያ ባሳተመው መጽሐፍ ርእስ ላይ ያለው አጻጻፍ አይገናኙም። ፓርኩ በ1996 እ.ኤ.አ. አደጋ ከተጋረጠባቸው ቅርሶች ዝርዝር ገብቶ በ2017 እ.ኤ.አ. እስኪወጣ ድረስ ስለ ግጦሽ፣ ስለ ሰፈራና ስለ ዱር እንስሳቱ የተጻፈው ጥቂት አይደለም። ዛሬ በደባርቅ ተቀምጦ ስለ ግጦሽ መሬት የሚያጠና ተማሪ ይህን ሁሉ ማግኘት ካልቻለ የተጠናውን እንደገና ሊያጠና ነው፤ ገበሬውም የተጠየቀውን እንደገና ሊጠየቅ ነው።

ከአጻጻፉ ይልቅ የሚያሳስተው ግን የስሙ ትርጉም በየዘመኑ መለዋወጡ ነው። «በጌምድርና ሰሜን» በንጉሡ ዘመን የጠቅላይ ግዛት ስም ነበር። በደርግ ዘመን አካባቢው የጎንደር ክፍለ ሀገር ተባለ። ቀጥሎም በአማራ ክልል ሥር ማዕከሉን ጎንደር ከተማ ያደረገ ሰፊ «ሰሜን ጎንደር ዞን» ነበረ። በ2010 ዓ.ም. አካባቢ ይህ ዞን በሦስት ተከፍሎ ማዕከላዊ፣ ምዕራብና ሰሜን ጎንደር ሲሆኑ የመጨረሻው ማዕከሉን ደባርቅ አደረገ። ስለዚህ በ2000 ዓ.ም. በተጻፈ ጥናት ላይ «ሰሜን ጎንደር» ሲል መተማን ይጨምራል፤ በ2015 ዓ.ም. በተጻፈ ጥናት ላይ ግን አይጨምርም። ሁለቱ ጥናቶች ስለ ወባ ስርጭት ቢሆኑና ቁጥሮቻቸው በአንድ ሠንጠረዥ ቢነጻጸሩ፣ ቆላውን ከያዘው ዞን ወደ ደጋው ዞን ስንሻገር ወባ የጠፋ ሊመስለን ይችላል።

የቦታ ሠንጠረዥ ከዚህ የተነሣ ሁለት ነገሮችን መለየት አለበት። ተራራው፣ ከተማው፣ ደብሩ በቦታቸው ይኖራሉ፤ ቁጥራቸውም አይለወጥም። የአስተዳደር ክልሎች ግን የሚጀምሩበትና የሚያበቁበት ዘመን አላቸው። የቀድሞው ሰሜን ጎንደርና የአሁኑ ሰሜን ጎንደር ስማቸው አንድ ቢሆንም ሁለት ረድፎች፣ ሁለት ቁጥሮች ናቸው። ዳባት ከተማ ወደ ሁለቱም ያመለክታል፤ አንዱ ጋር እስከዚህ ዓመት፣ ሌላው ጋር ከዚህ ዓመት ጀምሮ።

ከዳባት የሚገኝ ትምህርት

ይህን አሠራር ለመማር ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሥር በ1996 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የዳባት የጤናና የሥነ ሕዝብ ክትትል ጣቢያ ቤት ለቤት እየዞረ ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ሲመዘግብ ኖሯል። እንዲህ ያለ ጣቢያ የሚቆመው በአንድ ቀላል ሐሳብ ላይ ነው፦ ሰው ሌላ፣ ቤት ሌላ፣ በሰውየው ላይ የሚደርሰው ክስተት ሌላ ነው። ልጅቱ አግብታ ወደ ሌላ ቤት ብትሄድ የቀድሞው መዝገቧ አይፋቅም። ከዚህ ቤት የወጣችበት ቀን፣ ወደዚያ ቤት የገባችበት ቀን ይጻፋል፤ ቁጥሯ ግን ያው ነው። ሰው ሲሞትም ረድፉ አይሰረዝም፤ ሞቱ ይመዘገባል እንጂ።

የመጻሕፍት መዝገብም እንዲሁ ሊሆን ይገባዋል። ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ያሰባሰቧቸው መጻሕፍት ወደ መቅደላ ሄዱ፤ በ1868 እ.ኤ.አ. ከመቅደላ ውድቀት በኋላ 350 ያህሉ ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ፤ ዊልያም ራይትም በ1877 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ካታሎግ ዘረዘራቸው። «መገኛ» የሚል አንድ ዓምድ ብቻ ያለው መዝገብ ለእንዲህ ያለ መጽሐፍ «ለንደን» ብሎ ይጽፋል። ቃሉ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ከጎንደር ተነሥቶ በመቅደላ በኩል የተደረገውን ጉዞ በአንድ ቃል ይሸፍነዋል። መገኛን የመጽሐፉ ባሕርይ ሳናደርግ በመጽሐፉ ላይ የደረሰ ክስተት ብናደርገው፣ እያንዳንዱ ረድፍ «ከዚህ ዘመን እስከዚህ ዘመን እዚህ ነበረ፤ ይህን ያልነው በዚህ ማስረጃ ነው» ይላል። መጥፋትም፣ መቃጠልም፣ መመለስም የየራሳቸው ረድፍ ያገኛሉ።

ፎቶግራፍና ማይክሮፊልምም በዚሁ መንገድ ይስተናገዳሉ። በ1973 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ፣ ማኮምበርና ጌታቸው ኃይሌ ካታሎጉን በብዙ ቅጽ ያዘጋጁለት፣ ዋናው መጽሐፍ በደብሩ እንዳለ ፊልሙን በአዲስ አበባና በሚኒሶታ እንዲገኝ አድርጓል። ዋናውና ምስሉ ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንዱ ከሌላው «የተነሣ» መሆኑ በግንኙነት ይገለጻል። ዋናው ቢጠፋ ምስሉ የት እንዳለ መዝገቡ ይናገራል።

አንድ ጥንቃቄ እዚህ ላይ ተገቢ ነው። የትኛው ደብር የትኛውን ጥንታዊ መጽሐፍ እንደያዘ በይፋ መዘርዘር ሌባን መጥራት ሊሆን ይችላል። መገኛ በራሱ ሠንጠረዥ የሚቀመጥ ከሆነ ለሕዝብ ክፍት ከሆነው ገጽታ ላይ እሱን ብቻ መሸፈን ይቻላል፤ ድርሰቱና ዘመኑ ለሁሉም ይታያሉ፣ ደብሩን የሚያየው የተፈቀደለት ብቻ ይሆናል። ሁሉም ነገር በአንድ ረድፍ ከታጨቀ ግን ምርጫው ሁሉን መግለጥ ወይም ሁሉን መደበቅ ነው።

ከየት ይጀመር?

በተግባር እንደ ኮሃ ያለ በነጻ የሚገኝ የቤተ መጻሕፍት ሥርዓት የታተሙ መጻሕፍትን በሚገባ ያስተናግዳል። ኮሃ የሚጠቀምበት ማርክ የተባለው ቅርጽ በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በሄንሪየት አቭራም መሪነት የተሠራ ነው፤ 100 የደራሲ፣ 245 የርእስ፣ 650 የጉዳይ ሣጥን ናቸው። ማርክ የካርድ ልጅ ነው፤ ከካርዱ ባሕርይ ብዙ ወርሷል። ይሁን እንጂ የተረጋገጡ ስሞችን ለብቻ መዝግቦ መጻሕፍቱን ከእነሱ ጋር የማገናኘት ሥርዓት ስላለው ከላይ ስለ ሰውና ስለ ቦታ የተባለውን አብዛኛውን መሸከም ይችላል። ችግሩ ይህን ክፍል ባዶ ትተው የሚሠሩበት መብዛታቸው ነው። ለብራና መጻሕፍት ደግሞ የሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ «ቤተ መጻሕፍት» የተባለ የምርምር ፕሮጀክት ጥራዝን፣ ድርሰትን፣ ሰውንና ቦታን ለየብቻ መዝግቦ የማገናኘቱን መንገድ ስለሚከተል አሠራሩን ማየት ይጠቅማል።

ነገር ግን ከማንኛውም ሶፍትዌር በፊት 50 መጻሕፍትን መርጦ በወረቀት ላይ መሥራት ይሻላል። ከ50ው መካከል ቢያንስ አንድ ዳዊት፣ አንድ የተተረጎመ መጽሐፍ፣ በሁለት ደራሲዎች የተጻፈ አንድ ጥናት፣ ዓመቱ ያልተገለጸ አንድ ኅትመትና የጠፋ አንድ ቅጂ ይኑሩ። ለእያንዳንዱ «ይህ ቃል ስለ ማን ወይም ስለ ምን ነው የሚናገረው?» እየተባለ ቃላቱ በየሠንጠረዣቸው ይደልደሉ። በዚህ ሥራ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያው፣ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪውና የግዕዝ መምህሩ በአንድ ጠረጴዛ መቀመጥ አለባቸው። ሦስቱ ሲከራከሩ የሚያሳልፉት ሁለት ቀን በኋላ ሁለት ዓመት ከሚፈጅ የማረም ሥራ ያድናል።

በክርክሩ መካከል የማይቀር አንድ ነገር አለ። ሁለት መዝገቦች አንድ ሰው ወይም አንድ ጥራዝ ሳይሆኑ አይቀሩም ተብሎ ይጠረጠራል። አንዱ «እናዋሕዳቸው» ይላል፣ ሌላው «እንተዋቸው» ይላል። የሚሻለው ሁለቱም ቁጥራቸውን ይዘው እንዲቆዩ አድርጎ በመካከላቸው «ምናልባት አንድ ናቸው» የሚል የግንኙነት ረድፍ ማስገባት ነው፤ ይህን ማን እንዳለ፣ መቼ እንዳለና በምን ማስረጃ እንዳለ አብሮ ይጻፍ። ጥርጣሬው በኋላ ቢረጋገጥ ማዋሐድ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። በስሕተት የተዋሐዱትን መልሶ ለመለየት ግን እያንዳንዱን ጥራዝ ባለበት መደርደሪያ ሄዶ እንደገና ማየት ያስፈልጋል፤ መደርደሪያው ከደባርቅ የሁለት ቀን የእግር መንገድ ባለ ደብር ሊሆን ይችላል፣ ወይም በለንደን።